ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ ለምን ከፍ ይላል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። መኪናው ማንዋል ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ታነሳላችሁ፣ ፍሪሲዮን ትረግጣላችሁ፣ ማርሹን ዜሮ ታደርጋላችሁ። መኪናው በራሱ ክብደት ይንከባለላል። የአርፒኤም መርፌውን ስታዩ 1,100 ላይ ነው። ጠዋት ሰፈር ቆሞ ሲሞቅ ግን መጨረሻ ላይ 750 ላይ ነበር የተረጋጋው። ታች መብራት ይዟችሁ ስትቆሙ ትንሽ ይቆይና ማንም ሳይነካው ወደ 750 ይመለሳል።

በዚህ ነገር ሾፌሮች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ “ሚኒሞው ተበላሽቷል” ብሎ ጋራዥ ይሮጣል። ሌላው “ሁሉም መኪና እንደዚያ ነው፣ ተወው ባክህ” ይላል። ሁለቱም እንደ መኪናው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ሁለቱም የሚያዩት መርፌው መውጣቱን ብቻ ነው። ጤናውን ከበሽታው የሚለየው ግን አወራረዱ ነው፤ መቼ ይወርዳል፣ እንዴት ይወርዳል፣ ከወረደ በኋላስ ይረጋጋል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለመለየት የሚረዳ ነው።

ጉዳዩ ድሮም ነበረ፤ አሁን ግን ኪስ ይነካል። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና አባብሎ ማቆየት ግድ ሆኗል። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም ሐምሌ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር ደግሞ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ዜሮ የሚለቀው ሾፌር በዝቷል። እሱ ያዋጣል ወይ የሚለውንም እናየዋለን።

ሚኒሞ፣ አርፒኤም፣ መንከባለል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ እንዳይጠፋ ያህል ብቻ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። አርፒኤም ደግሞ ሞተሩ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ልኬት ነው። በደንብ የሞቀ የቤንዚን ሞተር ሚኒሞው አብዛኛውን ጊዜ ከ650 እስከ 850 አርፒኤም ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ነው። ስትረግጡት ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ስትለቁት ይያያዛሉ።

መንከባለል ስንል ነዳጅ ሳይረገጥ መኪናው በያዘው ጉልበት ሲሄድ ማለታችን ነው። ይህ በሦስት መልኩ ይሆናል። ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ተለቆ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ማርሹ እንደገባ ፍሪሲዮን ተረግጦም ሊሆን ይችላል። ወይም ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ ብዙዎች እንደሚሉት በፎሌ። ሰው ሦስቱን እያደባለቀ ስለሚያወራ ነው ጨዋታው የሚጠፋው።

የመጀመሪያውን ቶሎ እናስወግደው። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ከተለቀቀ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ቁልቁለቱ መኪናውን ባፈጠነው ቁጥር አርፒኤሙም አብሮ ይወጣል። በሁለተኛ ማርሽ ስትወርዱ 3,000 ቢያሳይ ሞተሩ አልታመመም፤ መኪናውን ይዞ እያስቀረላችሁ ነው። ይህ ሚኒሞም አይባልም። የምናወራው ስለ ቀሩት ሁለቱ ነው፤ ሞተሩ ከጎማው ተላቆ ለብቻው ሲዞር።

ነዳጅ ካልረገጥኩ ሞተሩን ማን ያዞረዋል?

የቤንዚን ሞተር በአየር ነው የሚታዘዘው። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚከፈተው ትሮትል የሚባለው የአየር በር ነው። በገባው አየር ልክ ነዳጁ ይከተላል። እግራችሁን ስታነሱ በሩ ይዘጋል፤ ግን ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። ስለዚህ ለሚኒሞ የምትሆን ትንሽ አየር የምታልፍበት መንገድ ይተውለታል።

ያቺን መንገድ ማን ይቆጣጠራል የሚለው እንደ መኪናው ዕድሜ ይለያያል። እንደ ላዳና እንደ ድሮዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ያሉት ነዳጁንና አየሩን ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያላቸው ናቸው፤ እነሱ ላይ ሚኒሞው የሚስተካከለው በብሎን ነው። መካኒኩ ካቻቢቴ ይዞ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ ሩብ ዙር አጥብቆ ወይም አላልቶ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ነዳጁን ኮምፒውተር እየለካ የሚረጭላቸው ኢንጀክሽን መኪናዎች በትሮትሉ ጎን የሚያልፍ ጠባብ የአየር መንገድና እሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ አላቸው። ቫልቩን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። አዳዲሶቹ ደግሞ የነዳጅ ገመድ ጭራሽ የላቸውም፤ ትሮትሉን ራሱን ትንሽ ሞተር ያንቀሳቅሰዋል። እነሱ ላይ ኮምፒውተሩ በሩን በፀጉር ስንጥቅ ያህል ገርበብ አድርጎ ሚኒሞውን ይይዛል።

ኮምፒውተሩ ብቻውን አይወስንም። የሞተሩን ሙቀት ይጠይቃል፣ ትሮትሉ መዘጋቱን ያያል፣ ኤሲ መከፈቱን ያውቃል። በአንዳንድ መኪና ፍሪሲዮን መረገጡንና ማርሹ ዜሮ መሆኑንም የሚነግሩት ማብሪያዎች አሉ። ለኛ ጉዳይ ዋናው ግን የፍጥነት ሴንሰሩ ነው። መኪናው እየሄደ ይሁን ቆሞ የሚነግረው እሱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ በኋላ ይጠቅመናል። በኢንጀክሽን መኪና ማርሽ ገብቶ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ስታነሱ፣ አርፒኤሙ ከፍ ያለ ከሆነና ሞተሩ ከሞቀ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል። ጎማው እያዞረው ስለሆነ ሞተሩ ነዳጅ አያስፈልገውም። አርፒኤሙ ወደ ሚኒሞ ሲጠጋ፣ እንደ መኪናው ከ1,000 እስከ 1,500 አካባቢ ሲደርስ፣ መልሶ ይከፍተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩ አይሰማውም።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል?

በሦስተኛ ማርሽ እየመጣችሁ ነው። አርፒኤሙ 2,500 ነው፣ እግራችሁ ከነዳጅ ተነስቷል፣ ነዳጁ ተዘግቷል። ድንገት ፍሪሲዮን ረገጣችሁ። ሞተሩን ሲያዞር የነበረው ጎማ ተለየው። ነዳጅ የለም፣ የሚያዞረው የለም፣ ስለዚህ አርፒኤሙ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ነዳጁን መልሶ ከፍቶ፣ አየሩን ለክቶ፣ ሞተሩን አየር ላይ መቅለብ አለበት። 750 ላይ ልቅለበው ቢል አርፒኤሙ አልፎት 500 ይገባና ድፍት ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መኪናው እስካልቆመ ድረስ ዒላማውን ከፍ ያደርገዋል፤ 1,000 ወይም 1,100 ላይ። እዚያ ይቀልበዋል፣ ይይዘዋል። ጎማው መቆሙን ሴንሰሩ ሲነግረው ቀስ አድርጎ ያወርደዋል።

እየሄደ ያለ መኪና ሞተሩ ቢጠፋ ምን ይሆናል? ኃይል መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ውስጥ የቀረችው ጉልበት ለጥቂት ርግጫ ብቻ ትበቃለች። የቆመ መኪና ሞተሩ ቢጠፋ ከኋላ ጥሩንባ ይነፋብን ይሆናል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። አምራቾቹ ለሚንከባለል መኪና የተለየ ሚኒሞ የሚሰጡት ስለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት ወደ ማርሽ መመለሱ ነው። የሚንከባለል መኪና ከአፍታ በኋላ ማርሽ ሊገባለት ይችላል። ሞተሩ በጣም ከወረደ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ መኪናው ይነቀንቃል፣ ተሳፋሪው ወደ ፊት ይወረወራል። ቡና የምታፈላ ሴት አቦሉን ቀድታ ስትጨርስ ከሰሉን አታጠፋውም፤ ቶናው ስለሚቀጥል ረመጡን ትጠብቀዋለች። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መኪናው ሲቆም ግን ቶሎ የሚፈለግ ጉልበት ስለሌለ ወደ ዝቅተኛው ያወርደዋል።

ሦስተኛው ከጭስ ጋር የተያያዘ ነው። የአየር በሩ በድንገት ከተዘጋ በመግቢያው ግድግዳ ላይ የቀረው እርጥብ ነዳጅ ተስቦ ይገባና በቂ አየር ሳያገኝ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ ይወጣል። ይህን ለመቀነስ በሩ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ይደረጋል። በካርቡሬተሩ ዘመን ለዚህ ሥራ ትንሽ መግፊያ ነበረች፤ እግር ሲነሳ በሩን ደግፋ በዝግታ ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ማርሽ ስትቀይሩ አርፒኤሙ ወዲያው አልወርድ ብሎ ለሰከንድ የሚንጠለጠለው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። እውነት ለመናገር፣ አንዳንድ መኪና ላይ ይህቺ ነገር ታበሳጫለች። ብልሽት ግን አይደለችም።

ሁሉም አምራች አንድ ዓይነት አያደርገውም። አንዱ ልዩነቱን በሃምሳ አርፒኤም ይገድበዋል፣ ሌላው በግልጽ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የጓደኛችሁ መኪና እንዲህ ስለማያደርግ የናንተው ተበላሽቷል ማለት አይቻልም።

ስንት ድረስ ነው ጤነኛ?

ሲንከባለል ከቆመበት ሚኒሞ ከ100 እስከ 300 አርፒኤም ቢጨምር ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። በአንዳንድ መኪና ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ ጠባዩን እዩ። ጤነኛ ሞተር አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ራሱ ይወርዳል፤ ዛሬም ነገም ያንኑ ያደርጋል።

ሞተሩ ገና ካልሞቀ ይህ ሒሳብ አይሠራም። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር 1,200 ወይም 1,500 ላይ መሆኑ ያለ ነው። ኤሲ ሲከፈትም ኮምፒውተሩ ለኮምፕሬሰሩ ጉልበት ብሎ ትንሽ ይጨምራል። ሌሊት መብራቱ፣ የመስታወት ማሞቂያውና ፋኑ ሁሉ ሲበሩም እንዲሁ። ስለዚህ ለማወዳደር ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ኤሲውም ይጥፋ።

በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

መኪናው ቆሞም አልወርድ ካለ፣ ወይም እየወጣ እየወረደ ከተወዛወዘ፣ ወይም ትናንት የሌለ ነገር ዛሬ ከመጣ፣ ያኔ ምክንያት አለው።

በጣም የተለመደው የአየር ስርቆት ነው። ከትሮትሉ በኋላ ባለው መንገድ ላይ የጎማ ቱቦዎች አሉ። ሲያረጁ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ከሞተሩ ጋር የሚያጣብቀው ጋስኬትም ይላላል። በዚያ ስንጥቅ ኮምፒውተሩ ያላዘዘው አየር ይገባል። የሰርቮው ቱቦ ወይም የሰርቮው ውስጠኛ ጎማ ከተቀደደም ያው ነው። እንዲያውም ፍሬን ስትረግጡ አርፒኤሙ ከተቀየረ ወይም ከፔዳሉ ሥር “ፍስስ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጥርጣሬው ወደዚያ ይሂድ። የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ ይህ ለነገ አይባልም።

የአየር ስርቆት ሲብስ ሰውን ግራ የሚያጋባ ነገር ይፈጥራል። ቆማችሁ ሳለ መርፌው ወደ 1,800 ይወጣል፣ ወደ 1,200 ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ሞተሩ እንደሚተነፍስ ሰው ይሆናል። ቅድም ያልኩት የነዳጅ መዝጋት ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። የተሰረቀው አየር ሞተሩን ከፍ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ያያል፤ ፔዳሉ አልተረገጠም፣ አርፒኤሙ ግን ከፍ ብሏል። “ቁልቁለት ላይ ነን ማለት ነው” ብሎ ነዳጁን ይዘጋል። አርፒኤሙ ይወርዳል። ሲወርድ ነዳጁን ይከፍታል። የተሰረቀው አየር ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ይህ ዙር ቀኑን ሙሉ ሊቀጥል ይችላል። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ያበደ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን እያደረገ ነው፤ ያበደው ቱቦው ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የራዲያተር ውሃ ነው። ይህ ለሰው አይታየውም። ውሃው ከጎደለ ወይም ሲሞላ አየር ውስጥ ከቀረ፣ የሙቀት ሴንሰሩ ጫፍ ውሃ ሳይሆን አየር ይነካል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሴንሰሩ “ገና ብርድ ነው” ይላል። ኮምፒውተሩም እንደ ጠዋቱ ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። አንዳንድ የቆዩ የጃፓን መኪናዎች ደግሞ ከሴንሰሩ ሌላ በራዲያተር ውሃ ሙቀት የሚሠራ ሰም ያለው ቫልቭ አላቸው። ሞቅ ያለ ውሃ ካልደረሰው ሰሙ አይቀልጥም፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቱቦ ወይም ራዲያተር ከተቀየረ በኋላ የመጣ ከፍ ያለ ሚኒሞ ካለ፣ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አየሩ በትክክል መውጣቱን አረጋግጡ። በነገራችን ላይ ውሃው ለምን እንደጎደለም ይጠየቅ። ሲሞሉት ውሎ ማደር መፍትሔ አይሆንም።

ቆሻሻ ትሮትልም አለ። የአቧራና የዘይት ጭጋግ ከበሩ ጠርዝ ላይ ይጋገራል። በሩ ሲዘጋ ሙጭጭ ይልና ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም። የነዳጅ ገመዱ ከደረቀም እንዲሁ ነው። የወለሉ ምንጣፍ ተንሸራትቶ ፔዳሉን የደገፈበት ጊዜም አለ፤ ስቃችሁ እንዳታልፉት፣ ይህኛው ሰው ይገድላል። የሚኒሞ ቫልቩ ራሱ በዚሁ ቆሻሻ ተለውሶ ክፍት ሊቀር ይችላል። የትሮትል ሴንሰሩ ከተበላሸ ደግሞ ኮምፒውተሩ በሩ መዘጋቱን ስለማያውቅ ወደ ሚኒሞ ሥራው ጭራሽ አይገባም።

ትሮትሉ ከታጠበ ወይም ባትሪ ከተፈታ በኋላ ሚኒሞው ለተወሰነ ጊዜ ሊዘበራረቅ ይችላል። ኮምፒውተሩ ለቆሻሻው በር የተማረውን ልኬት ለንጹሁ በር ሲጠቀምበት አየሩ ይበዛበታል። አንዳንዱ መኪና ጥቂት ነድታችሁት ራሱ ያስተካክላል፤ አንዳንዱ በመመርመሪያ ማሽን ትምህርቱ እንዲታደስለት ይፈልጋል።

የፍጥነት ሴንሰሩ ሲሞት ምልክቱ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ኮምፒውተሩ መኪናው ሁሌ የቆመ ይመስለዋል። ሲንከባለል ከፍ ያለውን ሚኒሞ አይሰጠውም። መብራት ጋ ስትደርሱ፣ ፍሪሲዮን እንደረገጣችሁ፣ ሞተሩ ድፍት ይላል። የፍጥነት ጌጃችሁ ካልሠራና ሞተሩ ልትቆሙ ስትሉ እየጠፋ ካስቸገረ ሁለቱን አንድ ላይ ለመካኒኩ ንገሩት።

ጥፋቱ ከፍሪሲዮኑ ሊሆን ይችላል?

አዎ፣ ግን አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ። ፍሪሲዮኑ ተረግጦም በደንብ ካልላቀቀ ጎማው ሞተሩን በትንሹ እየጎተተ ያዞረዋል። መኪናው በፈጠነ ቁጥር አርፒኤሙም ይሳባል። መለያው ቀላል ነው። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ስትንከባለሉ ከፍ ካለ፣ ማርሹን ዜሮ ስታደርጉት ደግሞ ወዲያው ከወረደ፣ ሚኒሞውን ተዉትና ፍሪሲዮኑን እዩ። ቆማችሁም መፈተሽ ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጣችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ግርርር ካለ አላላቀቀም ማለት ነው። ገመዱ ላልቶ፣ ወይም የፍሪሲዮን ዘይቱ ጎድሎ ወይም አየር ይዞ ሊሆን ይችላል።

አባይ በረሃ ስወርድ ብቻ ከፍ የሚለውስ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት የካርቡሬተር መኪና ያላቸው ናቸው፤ መልሱም በእጅ ብሎን የተስተካከለ ሚኒሞ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ መካኒኩ ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎኑን ትንሽ ገፋ አድርጎ በሩን ይከፍትለታል። ከዚያ መኪናው ጎሐ ጽዮን ደርሶ ወደ ድልድዩ መውረድ ይጀምራል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። ያቺው ቀዳዳ አሁን ብዙ አየር ታስገባለች። ካርቡሬተር የሚያስብ ነገር የለውም፤ ከፍታ መቀነሱን አያውቅም። ስለዚህ ሚኒሞው ይወጣል። ደጀን ሲደርስ መልሶ ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ብሎኑ ለሌላ ከፍታ የተበጀ ስለሆነ ነው።

ግልባጩም አለ። ድሬዳዋ ላይ ሚኒሞው የተስተካከለ ላዳ አዲስ አበባ ሲገባ ሚኒሞ አልይዝ ብሎ በየመብራቱ ይጠፋል። ሾፌሩ መንገድ ላይ የሆነ ነገር የተበላሸበት ይመስለዋል። ኢንጀክሽን መኪና ግን አየሩን እየለካ ስለሚሄድ ይህን ራሱ ያስተካክላል። ኢንጀክሽን መኪናችሁ ቁልቁለት ሲወርድ ሚኒሞው በጣም ከተቀየረ ከፍታውን አታመካኙበት።

ዜሮ ለቆ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል?

በኢንጀክሽን መኪና፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ አይቆጥብም። ዜሮ ስትለቁት ሞተሩ ለብቻው ለመዞር ነዳጅ ይፈልጋል። ያውም ከቆመበት ከፍ ባለ ሚኒሞ። ትንሽ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ግን ነዳጁ ዜሮ ነው፤ ጎማው ነው የሚያዞረው።

ሜዳ ወይም ለዘብ ያለ ተዳፋት ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። እዚያ ማርሹ መኪናውን ይይዘዋል፣ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ መልሳችሁ ነዳጅ መርገጥ ግድ ይላችኋል። ዜሮ የተለቀቀው ግን ርቆ ይንከባለላል። ስለዚህ “ዜሮ መልቀቅ ይቆጥባል” የሚለው ሾፌር ሙሉ በሙሉ ውሸት አልተናገረም። በካርቡሬተር መኪናማ፣ ነዳጅ የሚዘጋ ኮምፒውተር ስለሌለ፣ የድሮ ሾፌሮች ልምድ በከንቱ የመጣ አይደለም።

ደኅንነቱ ላይ ግን ክርክር የለም። ዜሮ ስትለቁ በሞተር መያዝ ይቀራል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ጣርማ በር ወይም ሊማሊሞ ላይ ፍሬን እየረገጣችሁ ስትወርዱ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ይተዋል። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ በአንቀጽ 122 ላይ ስለዚሁ ያስጠነቅቃል፤ መኪናው ቁልቁለት ላይ ቶሎ እንደሚፈጥን፣ ፍሬኑ ሲበዛበት እንደሚደክም፣ የመሪው አታዛዝ በተለይ መታጠፊያ ላይ እንደሚቀየር፣ በፈለጉት ሰዓት ትክክለኛውን ማርሽ ማስገባት እንደሚከብድ ይዘረዝራል። እዚያ አገር በማንዋል መንጃ ፈቃድ የተፈተኑ ወገኖቻችን ፍሪሲዮን ረግጦ መንከባለል እንደ ስህተት እንደሚያዝ ያውቁታል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ጨርሶ የሚያጠፉም አሉ። ቁልፉ ከወጣ መሪው ራሱ ሊቆለፍ ይችላል። ለጥቂት ብር ቤንዚን ብሎ ሕይወት ማስያዝ ነው።

ጋራዥ ሳልሄድ ምን ልፈትሽ?

መጀመሪያ ሞተሩን አሙቁት፣ ኤሲውን አጥፉ። ቆማችሁ ሚኒሞውን ተመልከቱ። ከዚያ ጭር ያለ ሜዳ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ፣ ማርሹ እንደገባ፣ ፍሪሲዮን ርገጡና አርፒኤሙ የት እንደሚያርፍ እዩ። ቀጥሎ ዜሮ አድርጉት። ተለወጠ? ከዚያ ቁሙና እስኪወርድ ቁጠሩ። ሰው አብሯችሁ ካለ መርፌውን እሱ ያንብበው፤ የናንተ ዓይን መንገዱ ላይ ይሁን።

ስትቆሙ ወዲያው ከወረደና ከተረጋጋ ጨርሳችኋል፣ ወደ ቤት ሂዱ። ካልወረደ ሞተሩን አጥፉና በእግራችሁ ሳይሆን በእጃችሁ የነዳጅ ፔዳሉን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ቶሎ ይመለሳል ወይስ ይንቀረፈፋል? ምንጣፉን ሳቡ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ውሃ እዩ፤ ሲሞቅ ክዳኑን መክፈት ፊት ያቃጥላል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቱቦዎቹን በጣት ጎንበስ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ስርቆቱን ለማግኘት ማጽጃ ስፕሬይ የሚረጩ መካኒኮች አሉ፤ የተረጨበት ቦታ ላይ አርፒኤሙ ከተቀየረ ቀዳዳው እዚያ ነው። ስፕሬዩ ግን የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ከደረሰ እሳት ያስነሳል፤ ለሚያውቀው ተዉለት።

ጋራዥ ስትሄዱ “ሚኒሞው ከፍ ብሏል” ብቻ አትበሉ። እንዲህ ካላችሁት መካኒኩ ካቻቢቴውን ያነሳል። ይልቅ “ጋሼ፣ ሞቆ ቆሞ 750 ነው፤ ሲንከባለል 1,400 ይሆናል፤ ከቆመም በኋላ ግማሽ ደቂቃ አይወርድም፤ የጀመረው ራዲያተር ካስቀየርኩ በኋላ ነው” በሉት። እንዲህ የተነገረው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ኢንጀክሽን መኪና ላይ የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን አላልቶ ሚኒሞ ማውረድ በሽታውን ደብቆ ሌላ በሽታ ይጨምራል። ያቺ ብሎን ከፋብሪካ የተለካች ናት፤ ከተነካች የትሮትል ሴንሰሩም ልኬት አብሮ ይዛባል። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ከሆነ ደግሞ ምንም ከመፈታቱ በፊት በማሽን ይነበብ።

ናፍጣ መኪናስ?

የቆየ ናፍጣ፣ ለምሳሌ የድሮ ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ፣ ሌላ ዓለም ነው። ብዙዎቹ ሚኒሞ የሚይዝ የአየር በር የላቸውም። ፍጥነቱን የሚወስነው የፓምፑ የነዳጅ መጠን ነው። ስለዚህ የአየር ስርቆቱ፣ የትሮትል ቆሻሻው እዚያ ቦታ የላቸውም፤ የሚታየው ፓምፑና የፔዳሉ ገመድ ነው። ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ እየጨመረ፣ እየጨመረ ከሄደና ሰማያዊ ወይም ነጭ ጭስ ከተከለ ግን የራሱን ዘይት እየበላ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ማጥፋት ላያቆመው ይችላል። መኪናው ማንዋል ከሆነ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የእግር ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፣ ከፍ ያለ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ ሞተሩን አፍናችሁ አጥፉት።